የድሬ ሰው ጥርስ በፈረንሳይ ቀመር ሲለካ

ግንቦት 4

ይህን ማስታወሻ ያስጀመረችኝ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ናት። ከሳቢያን ከእናቷ ጋር መጣች። የላይኛው የፊት ጥርሶቿ ተደራርበዋል፤ አንደኛው ክራንቻዋ ቦታ አጥቶ ድድ ላይ ከፍ ብሎ ወጥቷል። ድርብ ጥርስ ውበት ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። ልጅቷ ግን ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

እናቷ ዙሪያ ጥምጥም አልሄዱም። «ዶክተር፣ ጥርስ ሳይነቀል አይሆንም? የአክስቷ ልጅ አራት ጥርስ ተነቅሎላት ነው ሽቦ የታሰረላት። እኔ ልጄ ጤነኛ ጥርሷ እንዲነቀል አልፈልግም» አሉኝ።

ሳይነቀል ቦታ ማግኛው አንዱ መንገድ ቅስቱን ማስፋት ነው። ቅስት የምለው ጥርሶቹ የተደረደሩበትን የፈረስ ኮቴ የመሰለ መስመር ነው። ለማስፋት ግን መጀመሪያ ጠባብ መሆን አለበት። ከምን ጋር ሲነጻጸር ነው ጠባብ የሚባለው?

ለዚህ ሁላችንም የተማርነው ቀመር አለ። ፖን የተባለ ፈረንሳዊ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጣው ነው። የላይኛዎቹን አራት የፊት ጥርሶች ስፋት ለክተህ ትደምራለህ። ድምሩን ለ0.80 ስታካፍለው ከቀኝ የመጀመሪያ ቅድመ መንጋጋ (ከክራንቻ ቀጥሎ ካለው ጥርስ) እስከ ግራው ሊኖር የሚገባውን ስፋት ይነግርሃል። ለ0.64 ስታካፍለው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ትላልቅ መንጋጋዎች መካከል ያለውን። ድምሩ 32 ሚሊ ከሆነ መልሱ 40 እና 50 ሚሊ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ያቆየውም ይህ ቅለቱ ይመስለኛል።

የልጅቷ ድምር 33.6 ሚሊ ወጣ። ቀመሩ 42 እና 52.5 ይላል። የጥርሶቿ ቅርጽ በጀሶ የተቀዳበት ሞዴሏ ላይ ያለው ግን 36.5 እና 47.3 ነው። በሁለቱም ቦታ ከ5 ሚሊ በላይ ትጠባለች። በቀመሩ ከሄድኩ መልሴ «እናስፋው» ነው። እናቷም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ ነበረኝ። በዚሁ ቀመር ጠባብ ነው ብዬ ላንቃ ላይ የሚቀመጥ፣ መሃሉ ላይ ብሎን ያለው ፕሌት አሠራሁለት። ቤተሰቦቹ ብሎኑን በየጊዜው ሩብ ዙር ያዞሩ ነበር። ቀመሩ ያለው ቁጥር ላይ ደረስን፤ ደስ አለኝ። ፕሌቱ ከወለቀ ከአንድ ዓመት በኋላ ልጁ ሲመጣ ጥርሶቹ ወደ ድሮ ቦታቸው ተመልሰዋል። አጥንቱ አልሰፋም ነበር። ጥርሶቹ ወደ ጉንጭ ስላጋደሉ ነው የሰፋ የመሰለኝ። ጉንጭና ከንፈር ደግሞ ቀስ እያሉ መልሰው ገፏቸው። ያ ልጅ ያን ሁሉ ወር ፕሌት በአፉ ይዞ ትምህርት ቤት የተመላለሰው ለዚህ ነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

ፖን የለካው ፈረንሳዮችን ነው። ቀመሩን በሌላ ሕዝብ ላይ ከመጠቀም በፊት መፈተሽ እንደሚያስፈልግም ራሱ አሳስቧል። እኔ ድሬ ላይ ፈትሼው አላውቅም። እናቷን የሁለት ወር ተኩል ጊዜ ለመንኳቸው። ልጅቷን የሚያጣድፋት ነገር የለም፤ ሕመም የላትም። እሺ አሉኝ።

ግንቦት 7

መጀመሪያ ያሰብኩት ክሊኒካችን መደርደሪያ ላይ ያሉትን የድሮ ሞዴሎች ማውረድ ነበር። አቧራቸውን ጠርጌ ስደረድራቸው ስህተቱ ገባኝ። ሁሉም ጥርሳቸው ስለተደራረበ ወይም ስለወጣ የመጡ ሰዎች ናቸው። በነሱ «ትክክለኛ ስፋት ይህ ነው» ማለት ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ የከተማውን ጤና እንደመገመት ነው።

ስለዚህ የምፈልገው ጥርሱ ያማረና የተስተካከለ ሰው ነው። ሽቦ ታስሮ የማያውቅ፣ ሁሉም ጥርሱ ያለ፣ የጥርሱ ጎን ያልተሞላ፣ ዕድሜው ከ16 በላይ። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ጥርስ ሐኪም ቤት አይመጣም። መፈለግ ሊኖርብኝ ነው።

ሲስተር ነች የፈታችው። «አቦ ምን ያስጨንቃል! በር ላይ የቆሙትን ባጃጆች ጠይቃቸው፤ ሲስቁ አላየሃቸውም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከሰዓት በኋላ ሦስት ሹፌሮች፣ አንድ አስተማሪና የጎረቤት ፋርማሲ ሠራተኛ ተመዝግበዋል። ለእያንዳንዳቸው ምን እንደማደርግ በወረቀት ጽፌ አስፈርሜያለሁ። ዕድሜው 18 ላልሞላው ወላጅ ይፈርማል። ሞዴሉ ላይ ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ብቻ።

ከመጋላም ከከዚራም ከሳቢያንም ሰው እየመጣ ነው። ብሔር አልጠየቅኩም፤ አልጠይቅምም። ድሬ ላይ የአንድ ሰው አያቶች ከአራት ቦታ ቢመጡ አይገርምም። የምፈትሸው ቀመሩ በሬን አንኳኩቶ ለሚገባው ሰው ይሠራ እንደሆነ ነው።

ግንቦት 11

የዛሬው ሙሉ በሙሉ ከሙቀት ጋር ትግል ነበር።

ልክ የምንወስደው በአልጂኔት ነው። ከባሕር አረም የሚሠራ ዱቄት ነው፤ በውሃ ተበጥብጦ በትሬይ አፍ ውስጥ ይገባና እንደ ጄሎ ይረጋል። ሙቀት ሲኖር ቶሎ ይረጋል። በግንቦት ቀትር ድሬ ላይ ደግሞ ምን ያህል እንደሚሞቅ ለድሬ ሰው አልነግርም። የመጀመሪያው ገና ሳህኑ ውስጥ እያለ ያዘ። ሁለተኛው ከንፈር ላይ ሲደርስ ጠነከረ፤ ስጫነው ተቀደደ። የባጃጁ ልጅ «አብሽር ዶክተር፣ ደግመህ ሞክር» እያለ ያጽናናኛል።

ሌላም ነገር አለ። አልጂኔትን የሚያረጋው ካልሲየም ነው። የድሬ ውሃ ደግሞ ጨዋማና ካልሲየም የሞላበት ነው፤ የሁላችንም ጀበናና ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክር ነው። ስለዚህ ከቧንቧ የቀዳሁት ውሃ በሁለት በኩል ነው ያጣደፈኝ፤ በሙቀቱም በካልሲየሙም።

ግንቦት 12

የታሸገ ውሃ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሬ ተጠቀምኩ። ሳህኑንና ማንኪያውንም አብሬ አቀዘቀዝኩ። ዱቄቱ በጥብቅ የሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ገባ። ቀጠሮዎቹን ወደ ጠዋት አንድ ሰዓት አመጣኋቸው። አምስቱም በመጀመሪያው ሙከራ ጥሩ ሆኑ።

የቀረ አንድ አደጋ አለ። ከአፍ የወጣው ልክ አየር ላይ ከቆየ ውሃ እያጣ ይኮማተራል። ውሃ ውስጥ ከተነከረ ደግሞ ያብጣል። እርጥብ ሶፍት ላይ ተጠቅልሎ በቶሎ ጀሶ ሊፈስበት ይገባል። ዛሬ ቁጥር 4ን ያፈሰስኩት ከምሳ መልስ ነው፤ የድሬ የምሳ ሰዓት ደግሞ ረጅም ነው። የጠረጠርኩት አልቀረም። ሰውዬውን ጠርቼ አፉ ውስጥ ስለካ በመንጋጋዎቹ መካከል ያለው ከሞዴሉ ጋር በአንድ ሚሊ ያህል ተለያየ። እኔ የምፈልገው ልዩነት የጥቂት ሚሊ ነው። በእንዲህ ያለ ስህተት ላይ ምንም አይገነባም። ቁጥር 4ን ጣልኩት፤ በሌላ ቀን እንዲመለስ ለመንኩት።

ግንቦት 19

ዲጂታል ካሊፐር ገዛሁ፤ በሁለት ጫፎቹ መሃል ያለውን ርቀት የሚለካ መሣሪያ ነው። የሚሊን መቶኛ ያሳያል። ጫፉ ግን ለብረት ሥራ የተሠራ ስለሆነ ወፍራም ነው፤ በሁለት ጥርሶች መሃል አይገባም።

ለገሃር አካባቢ አንድ ሽማግሌ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በባቡሩ ወርክሾፕ የሠሩ ናቸው። ካሊፐሩን ሲያዩት ፊታቸው በራ። «ፒዬ አ ኩሊስ!» አሉ። ፈረንሳዮቹ የሚሉትን ነው፤ እኛ ካሊፐር የምንለውን እሳቸው እስከ ዛሬ በዚያ ስሙ ነው የሚጠሩት። ለምን እንደምፈልገው ነገርኳቸው። አጉሊ መነጽር አድርገው፣ እየሳሉ፣ ውሃ እየነከሩ፣ እንደገና እየሳሉ ሁለቱን ጫፎች እንደ መርፌ አሾሉልኝ። ሲዘጋ ብርሃን እንኳ አያሳልፍም። ከዚያ ዜሮውን ሦስት ጊዜ አስፈተሹኝ። «ከመለካትህ በፊት ሁልጊዜ ዜሮህን እይ» አሉኝ። ብር አልቀበልም አሉ፤ በግድ የሻይ ሰጠኋቸው።

ግንቦት 26

ቁጥር 9 በጣም የሚያምር ፈገግታ ያለው ወጣት ነው። አፉን ሲከፍት ግን የታችኛው ቀኝ ክራንቻ የለም። ተነቅሎ እንደሆነ ጠየቅኩት። እሱ አያውቅም። እናቱ ጋ ደወለና ስልኩን ሰጠኝ። «ሕፃን እያለ ተቅማጥና ትኩሳት ሲያስቸግረው ግግ ነው ብለው አስወጥተንለት ነበር» አሉኝ።

ይህን ስሰማ ሁሌም ያመኛል። ግግ የሚባለው የሕፃኑ ክራንቻ ሊወጣ ሲል ድዱ ማበጡ ነው። በሽታ አይደለም፤ ተቅማጡንም እሱ አያመጣውም። በስለት ወይም በሽቦ ሲያወጡት የወተት ጥርሱን ብቻ አይነኩም። ከሥሩ ተኝቶ ተራውን የሚጠብቀው ቋሚ ክራንቻም ሊጎዳ ይችላል። ሕፃኑ በኢንፌክሽንና በመድማት የሚደርስበት አደጋ ደግሞ ከጥርሱ ይብሳል። የቁጥር 9 ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ተንሸራትተዋል፤ የታችኛዎቹ የፊት ጥርሶች መሃል መስመርም ወደ ቀኝ ሄዷል። ከመዝገቡ አወጣሁት። እናቱን አልተቆጣሁም። የዚያን ጊዜ የመከራቸው ሰው አልነበረም። የሁለተኛ ልጃቸው ሕፃን ግን ገና አራት ወሯ ነው አሉኝ፤ ስለሷ ረጅም ጊዜ አወራን።

ሰኔ 3

ሞዴሎቹ 16 ደረሱ። ቁጥር 9 ወጥቶ 15። ሌላ አንድ ሰውም ወጣ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነው፣ ጫት ለብዙ ዓመት የቃሙ፣ መንጋጋቸው ጠፍጣፋ ሆኗል። ካሊፐሩ የሚያርፍበት ጉድጓድ ጠፍቷል። ጥርስ ከጎረቤቱ ጋር በሚነካካበት ጎኑም ስለሚበላ የፊቶቹም ስፋት የልደት ስፋታቸው አይደለም። 14 ቀሩ።

መለኪያ ነጥቡን ልጻፈው፣ ሌላ ሰው ቢሞክረው እንዳይሳሳት። በቅድመ መንጋጋው ላይ ካሊፐሩ የሚያርፈው የማኘኪያው መስመር በኋላ በኩል በሚያልቅበት ጉድጓድ ላይ ነው። በትልቁ መንጋጋ ላይ ደግሞ በፊት በኩል ባለው ጉድጓድ ላይ። የፊት ጥርስ የሚለካው በሰፊው ቦታው ነው፤ ካሊፐሩ ከጥርሱ ፊት ጋር ትይዩ ሆኖ። ትንሽ ካዘነበለ ቁጥሩ ያድጋል።

ሰኔ 17

ሁሉንም ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያውን ወረቀት ሳላይ ደግሜ ለካሁ። ለስህተት ስሌቱ የስዊድኑ ሳይንቲስት ዳልበርግ ያስተማረው አለ። የሁለቱን ልኬት ልዩነት በራሱ ታባዛለህ፣ ሁሉንም ትደምራለህ፣ ለሞዴሎቹ ቁጥር እጥፍ ታካፍላለህ፣ ካሬ ሥሩን ታወጣለህ። በፊት ጥርሶቹ ድምር ላይ የእኔ ስህተት 0.4 ሚሊ ገደማ ሆነ። መጀመሪያ ጥሩ ነው አልኩ። ከዚያ ግን ቀመሩ ውስጥ ሳስገባው አደገ። 0.4 ለ0.80 ሲካፈል ግማሽ ሚሊ ነው፤ ለ0.64 ሲካፈል 0.6 ያልፋል። የእጄ መንቀጥቀጥ ብቻ የመንጋጋውን ትንበያ ይህን ያህል ያንቀሳቅሰዋል።

ሰኔ 24

መብራት ስለሄደ ስሌቱን በወረቀት ነው የሠራሁት። ጥሩ ሆነ፤ እያንዳንዱን ቁጥር በእጄ አለፍኩበት።

ከ14ቱ በ11ዱ ቀመሩ ከእውነተኛው የሰፋ ቁጥር ሰጠ። እነዚህ ጥርሳቸው የተስተካከለ፣ ምንም ሕክምና የማያስፈልጋቸው ሰዎች ናቸው። በቀመሩ ብቻ ቢታዩ ግን አብዛኞቹ «ጠባብ» ተብለው ፕሌት ሊታዘዝላቸው ነው።

ከዚህም በላይ ያስደነገጠኝ ግን ቁጥር 3 እና ቁጥር 12 ናቸው። አንዱ የባጃጅ ሹፌር፣ ሌላው አስተማሪ። የሁለቱም የፊት ጥርስ ድምር 31.2 ነው። እኩል። ለሁለቱም ቀመሩ በቅድመ መንጋጋ 39 ሚሊ ይላል። የአስተማሪው 39.2 ነው፤ ቀመሩ ያለው ላይ ነው ያረፈው። የሹፌሩ 35.3 ነው። ወደ 4 ሚሊ ይለያያሉ፤ ሁለቱም ጥርሳቸው እንደ ዶቃ የተሰካካ ነው።

ሁለቱን ሞዴል ጎን ለጎን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። የፊት ጥርስን ብቻ የሚያይ ቀመር ሁለቱን ሊለያቸው አይችልም። የምታካፍልበትን ቁጥር ብትቀይረውም አይችልም። ለአንዱ ልክ ብታደርገው ለሌላው ይሳሳታል።

ታዲያ የሹፌሩ ጥርሶች ቦታ ከየት አገኙ? ለስላሳ የናስ ሽቦ ወስጄ ከአንደኛው ትልቅ መንጋጋ ፊት ተነስቼ በጥርሶቹ ላይ እየጠመዘዝኩ እስከ ሌላው አደረስኩት። አቅንቼ ለካሁት። የአስተማሪው 76 ሚሊ፣ የሹፌሩ 76.5። እኩል ማለት ይቻላል! የአስተማሪው ቅስት ሰፊና አጭር ነው፤ የሹፌሩ ጠባብና ወደ ፊት የረዘመ። ያው መጠን ያለው መሬት ነው፤ አንዱ በወርድ፣ አንዱ በቁመት የተከለለ። ስፋቱን ብቻ ለክቼ ጠባብ ስል የኖርኩት የቦታውን ግማሽ ብቻ እያየሁ ነው።

ሐምሌ 2

መብራት ሲመጣ ቁጥሮቹን ኤክሴል ላይ አስገባሁ። የፖንን 0.80 ትቼ ከራሴ ሞዴሎች፣ ከፊት ጥርስ ድምር ተነስቶ የቅስቱን ስፋት የሚተነብይ መስመር አወጣሁ። ከፖን በኋላ ቀመሩን ያሻሻሉት ሊንደርና ሃርትም ለቅድመ መንጋጋው 0.80ን ወደ 0.85 ቀይረውት ነበር። በእነሱ ቁጥር የልጅቷ 42 ሚሊ ወደ 39.5 ይወርዳል። አፏ ውስጥ ምንም ሳይነካ፣ ወረቀት ላይ ብቻ ጥበቷ ከ5.5 ወደ 3 ሚሊ ቀነሰ ማለት ነው።

የራሴን መስመር የፈተሽኩት እንዲህ ነው። አንዱን ሞዴል እደብቃለሁ፣ በቀሩት 13 መስመሩን አወጣለሁ፣ የተደበቀውን እተነብያለሁ። ከዚያ ሌላውን እደብቃለሁ። መስመሩ ከፖን ይሻላል፤ ሁልጊዜ ወደ ሰፊው አያጋድልም። ግን አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። የፊት ጥርሶቹን ጨርሶ ባልለካስ? ለሁሉም ሰው የ13ቱን አማካይ ስፋት ብቻ ብሰጥስ? ሞከርኩት። ስህተቱ ከመስመሩ ብዙም አልባሰም።

ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የፊት ጥርስ ስፋት ስለ ቅስት ስፋት የሚናገረው አለ፣ ግን ጥቂት ነው። በ14 ሰው ስለ ከተማው መናገር አልችልም፤ አልናገርምም። ስለ አንዲት ልጅ አፍ በዚህ ቁጥር ብቻ መወሰን እንደሌለብኝ ግን አሁን በእጄ ለክቼ አውቄያለሁ።

ሐምሌ 19

ቁልቢ ነው። ከተማው ወደ ገብርኤል ወጥቷል፤ ክሊኒኩ ጭር ብሏል። ሲስተርም ስለቷን ልታስገባ ሄዳለች። ጊዜ ስላገኘሁ የልጅቷን ሞዴል ከሥር ጀምሮ አየሁት።

የላይኛውን ከታችኛው ጋር ገጠምኩት። የላይኛዎቹ የኋላ ጥርሶች በሁለቱም በኩል ከታችኛዎቹ ትንሽ ወደ ውጭ ወጣ ብለው ያርፋሉ። መሆን ያለበትም እንዲህ ነው። አሁን የላይኛውን በ5 ሚሊ ላስፋው ብል፣ ታችኛው እዚያው ስለሚቀር የላይኛዎቹ ጥርሶች ከታችኛዎቹ ላይ ተንሸራተው ወደ ጉንጭ ይወጣሉ። ታችኛውን አብሬ ላስፋ ብል ደግሞ በታች ክራንቻዎች መካከል ያለው ስፋት ተገፍቶ የማይቆይ መሆኑ በሙያው የታወቀ ነው። ያ የድሮው ልጅም አስተምሮኛል። ሌላ የጥበት ምልክትም የለባትም፤ ላንቃዋ ጥልቅና ሹል አይደለም። በአፍንጫዋ ነው የምትተነፍሰው። በናስ ሽቦው ስለካ የጎደላት ቦታ 4 ሚሊ ያህል ነው።

ጠባብ አይደለችም። ትንሽ ቦታ የጎደላት ልጅ ናት።

ሐምሌ 24

እናትና ልጅ መጡ። ሦስት ሞዴል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ፤ የሹፌሩን፣ የአስተማሪውንና የልጅቷን። ሁለቱ የማን እንደሆኑ አልተናገርኩም። እናቷ አገላብጠው አዩ። «ይሄኛው ጠባብ ነው፣ ግን ያምራል» አሉ የሹፌሩን ይዘው።

ላሰፋው እንደማልችል፣ ባሰፋውም እንደማይቆይ ነገርኳቸው። ፊታቸው ወረደ። «እንግዲህ መነቀሉ ነዋ» አሉ።

አይደለም፣ ገና ነው አልኳቸው። የጎደለው 4 ሚሊ ነው። ይህን ያህል ቦታ አንዳንዴ የጥርሶችን ጎን በጥቂቱ በማሳሳትና ቅስቱን በማስተካከል ይገኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ መንቀል ይሻላል። የሚወስነው የጎን ራጅ አንስቶ ፊቷንና መንጋጋዋን አብሮ የሚያይ የጥርስ ማስተካከል ስፔሻሊስት ነው። አዲስ አበባ መሄድ አለባችሁ። ይህን ለማለት ሁለት ወር ተኩል ማስጠበቄ ከብዶኝ ነበር። እናቷ ግን «ቸኩለህ ብታሰፋውስ ኖሮ?» አሉኝ።

ልጅቷ የራሷን ሞዴል አንስታ ክራንቻዋን በጣቷ ነካችው። «ይሄ ወደ ታች ይወርዳል?» አለችኝ።

«ይወርዳል» አልኳት። ይህን በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ።

ለስፔሻሊስቱ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁሉንም ልኬት አስገባሁ፤ የፖንን ቁጥር ግን አልጻፍኩትም። የላይኛውንና የታችኛውን ሞዴል በጥጥ ጠቅልዬ በካርቶን አሸግኩ። ጀሶ ነው፣ ከወደቀ ይሰበራል፤ አውቶቡሱ ላይ ሻንጣ ውስጥ እንዳታደርጉት፣ እግራችሁ ላይ ይዛችሁት ሂዱ አልኳቸው። ልጅቷ እኔ ነኝ የምይዘው አለች።

ከሰዓት በኋላ ሁለት አዲስ ሰዎች መጡ፤ ቁጥር 17 እና 18። ውሃው ከትናንት ማታ ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ነው።